ጥላ ፎቅ ተቀምጦ መፍረድ

አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አለኝ። በ1990ዎቹ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ጥላ ፎቅ ተቀምጬ በተዋስኩት ካሜራ ያነሳሁት ነው። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሜዳው ማዶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ግን የለም። ነጭ ግድግዳ ሆኗል። ፊልሙን ያጠበልኝ እዚያው ስታዲየም አካባቢ የነበረ ፎቶ አንሺ፣ “መምህር፣ ካሜራውን ያስተካከሉት ለጥላው ነው። ፀሐይ ላይ ያሉት ፊልሙም ላይ የሉም” አለኝ።

ስታዲየሙን የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። ጥላ ፎቅ የሚገባ ሰው ለጥላውም ጭምር ይከፍል ነበር፤ ካታንጋና ሚስማር ተራ ያለው ደግሞ ፀሐዩንም ዝናቡንም ከጨዋታው ጋር በአንድ ትኬት ይኮመኩም ነበር።

መቼም “ካሜራ አይዋሽም” እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1890 ኸርተርና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች እንግሊዝ አገር ሆነው የፎቶግራፍ መስተዋት ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል ለክተው በመስመር አሳዩ። ብርሃኑ በጣም ሲያንስ ምንም አይመዘገብም። መሐል ላይ ብርሃን በጨመረ ቁጥር ምልክቱም ተመጣጥኖ ይጨምራል። ከልክ ሲያልፍ ግን ምንም ያህል ቢጨመርበት ለውጥ የለም። ካሜራ ባይዋሽም፣ የሚሰማበት ልክ አለው ማለት ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ካሜራ ነበርኩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለክፍል ውስጥ ተሳትፎ አሥር ማርክ እይዝ ነበር። ከገጠር የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ለረዳት መምህርነት ሲታጭ ስብሰባ ላይ፣ “ልጁ የሚናገረው ነገር የለውም” አልኩ። በዚሁ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከጨዋታ በኋላ፣ ስታዲየሙ በር ላይ ሰዎች አንዱን ከበው ያዳምጣሉ። ያ ልጅ ነው! ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተረከ፣ እያሳቀ፣ እየተከራከረ። እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና ዝም አለ። ለካ ባደገበት አገር መምህር ፊት አፍን መሰብሰብ ጨዋነት ኖሯል። እኔ ባዶነት ብዬ የመዘገብኩት አክብሮቱን ነበር።

እዚህ ላይ፣ “ከመፍረድህ በፊት ብዙ ምስክር ስማ” የሚል ምክር ይመጣል። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1997 ደቤቬክና ማሊክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድ ዘዴ አቀረቡ። ካሜራውን ሳታነቃንቅ ያንኑ ቦታ ደጋግመህ ታነሳለህ፤ የምትለውጠው ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ ብቻ ነው። ቦታው ያው ነው። ብርሃኑን እጥፍ ስታደርገው ምልክቱ እጥፍ ካልሆነ፣ ጉድለቱ የካሜራው ነው። በዚህ መንገድ መጀመሪያ የካሜራውን ጠባይ ታውቃለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፎቶዎቹን አዋህደህ ጥላውንም ፀሐዩንም የምታየው።

ልጁም ያው ልጅ ነበር። ክፍል ውስጥና ስታዲየም በር ላይ ባየሁት መሐል ያለው ልዩነት ስለ እሱ ሳይሆን ስለ እኔ የሚናገር ነው።

“ታዲያ ማንም አይፍረድ?” የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። መምህር ማርክ መስጠት አለበት፤ ዳኛም መፍረድ አለበት። ግን “አላየሁም” እና “የለም” ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ካሜራ ልዩነታቸውን አያውቅም፤ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ነጭ ወይም አንድ ዓይነት ጥቁር ያደርጋቸዋል። ሰው ግን ሊያውቅ ይገባዋል። ያን ቀን ስብሰባው ላይ “እኔ ሲናገር አልሰማሁትም” ብል ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው “ሌላ ቦታስ?” ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ፎቶግራፉን አልጣልኩትም። አንዳንዴ አውጥቼ ነጩን ግድግዳ አየዋለሁ። እዚያ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቀምጠዋል።