እስስትን መውደድ

በአማርኛችን አንድን ሰው «እስስት ነው» ካልነው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጠዋት አብሮን ቡና ጠጥቶ ማታ የሚመሰክርብን፣ አለቃው ሲስቅ የሚስቅ፣ ሲቆጣ የሚቆጣ፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቋንቋውንም ልብሱንም የሚለውጥ ሰው እስስት ነው። በ1966ም ሆነ በ1983 ዓ.ም. ይህ ቃል ብዙ ሥራ ነበረበት። ከውሻ ታማኝነትን፣ ከአንበሳ ጀግንነትን፣ ከንብ ትጋትን የወሰደው ቋንቋችን ለእስስት ያስቀረላት ክህደትን ብቻ ነው።

ታዲያ ይህችን ስሟ የጠፋ ፍጡር ቤቱ አስገብቶ፣ የሽቦ ወንፊት ቤት ሠርቶላት፣ ሙቀት የሚሰጥ መብራት አብርቶላት፣ ፌንጣ እየቀለበ የሚያኖር ሰው አለ ቢባል ብዙዎቻችን ፈገግ እንል ይሆናል። ነገር ግን አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች እስስት ማኖር ድመትና በቀቀን እንደ ማኖር ያለ ልማድ የሆነባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሰው ይህን እንዴት ጀመረ? ብሎ መጠየቅ በራሱ ደስ ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ ጀርባ ያለው ጥያቄ ነው። መውደድና መያዝ የሚለያዩት የት ላይ ነው?

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም እስስት አኑሬ አውቃለሁ፤ ለሁለት ቀን።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አዲስ አበባ ከምንኖርበት ግቢ ጀርባ በጽድ አጥሩ ላይ አገኘናት። የደጋ እስስት በከተማችን ጓሮዎች ብርቅ አይደለችም፤ በኋላ እንደተረዳሁት፣ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃት ዝርያ ናት። እኛ ግን የምናውቀው ትለወጣለች መባሉን ብቻ ነበር። ቀይ ሹራብ ላይ አስቀመጥናት፤ አልቀላችም። ሰማያዊ ደብተር ላይ አስቀመጥናት፤ ሰማያዊ አልሆነችም። ጠቆረች። አፏን ከፈተችብን። «ተለወጠች! ተለወጠች!» ብለን ጮህን። ከዚያም የጎመን ቅጠል አንጥፈን፣ በሳርዲን ቆርቆሮ ውሃ ሞልተን ካርቶን ውስጥ አሳደርናት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞታ አገኘኋት። ውሃው እንደ ሞላ ነበር።

አያቴ ካርቶኑን አይተው «ምን በደለቻችሁ?» አሉ። «ወደናት እኮ ነው» አልኩ። ዝም አሉ።

ለዚህ መልስ ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። መንገዴም በጥንት ሰዎች በኩል ነበር።

ሰው በእስስት መገረም የጀመረው ገና ዱሮ ነው። አሪስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ዓይኖቿ አዟዟር፣ ስለ ቀለሟ መለዋወጥ፣ ስለ ዘገምተኛ አረማመዷ በጥንቃቄ ጽፏል። ከዚያው ጋር አንድ ሌላ ነገር ያክላል፤ ሰውነቷ ከተሰነጠቀ በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ መተንፈሷን አትተውም ይላል። ይህ እንዲታወቅ ምን መደረግ እንደነበረበት ለማሰብ የሚከብድ አይደለም። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አትበላም አትጠጣም፣ አየር እየተመገበች ትኖራለች ብሎ ጻፈ። ይህ ወሬ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ በአውሮፓ ኖሯል። አየር በልታ ከምትኖር ፍጡር ይልቅ ለአኗሪ የሚመች እንስሳ ከየት ይገኛል!

ከወሬ ወጥቶ እስስትን በቤት አኑሮ ስለ እሷ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዷ ማድሌን ደ ስኩደሪ ናት። ስኩደሪ በ17ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ውስጥ ዝነኛ ደራሲ ነበረች። ባል አላገባችም፤ በየቅዳሜው ቤቷ የሚሰበሰቡት ጸሐፍትና ወዳጆቿ ስለ ፍቅርና ስለ ጠባይ ይወያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1672፣ ዕድሜዋ ስልሳ አምስት ግድም ሲሆን፣ በእስክንድርያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል እስስቶች ላከላት። በቤቷ አኖረቻቸው፣ ለወራት ተመለከተቻቸው፤ በኋላም «የሁለት እስስቶች ታሪክ» የተባለ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1688 አሳተመች።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ ሌላ ሰውም እስስት ይመረምር ነበር። ክሎድ ፔሮ ሐኪምም አርክቴክትም ነው፤ ከሉቭር ቤተ መንግሥት የምሥራቅ ገጽታ ጋር ስሙ የሚነሳ፣ የሲንድሬላን ተረት ለጻፈው ለሻርል ፔሮ ወንድም። እሱ ከንጉሡ የሳይንስ አካዳሚ ባልደረቦቹ ጋር የእስስትን ሬሳ ከፍቶ ውስጧን የገለጸበትን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1669 አውጥቷል።

ዘመኑ ደግሞ የዴካርት ዘመን ነው። ፈላስፋው ዴካርት እንስሳት ነፍስ የሌላቸው፣ እንደ ሰዓት በጥርስና በሞላ የሚሠሩ ማሽኖች ናቸው ብሎ አስተምሮ ነበር። ሰዓት ፈትቶ ማየት ኃጢአት የለበትም። ስኩደሪ ይህን አስተሳሰብ አልተቀበለችም፤ እንስሳት ይሰማቸዋል ባይ ነበረች። ዓመታት በውይይት ስለ ሰው ልብ ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ በመጨረሻ ቁጭ ብላ የእስስትን ዓይን ስታይ እንደዋለች አስቡት። ፔሮ የሞተችውን ከፍቶ አካሏን አወቀ፤ ስኩደሪ የምትተነፍሰውን አይታ ኑሮዋን ልታውቅ ሞከረች። እኔን ቢጠይቁኝ እስስት የማኖር ፍቅር በመልካም ጎኑ የተወለደው በዚያች ሴት ቤት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መርሳት የለብንም። የሁለቱም እስስቶች በየብስና በባሕር ተጓጉዘው ከራሳቸው ፀሐይ የራቁ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። እስስት በብዛት በምትገኝበት በአፍሪካ እሷን በቤት ማኖር የተለመደ አልነበረም። ዙሉዎች እንዲያውም ይወቅሷታል። ፈጣሪ «ሰው አይሞትም» የሚል መልእክት አስይዞ እስስትን ላከ፤ እሷም እያዘገመች፣ በየመንገዱ እየቆየች ሄደች። ኋላ በሞት መልእክት የተላከው እንሽላሊት ቀድሟት ደረሰ፤ ሰውም ሟች ሆነ ይላል ተረታቸው። እኛ ለክህደት፣ እነሱ ለሞት ተጠያቂ አደረግናት። አጠገቧ የኖርን ሰደብናት፤ ከሩቅ ያያት ተመኛት። ከስድቡና ከምኞቱ የትኛው እንደ ጎዳት ግን ቀጥሎ ያለው ታሪክ ይናገራል።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አውሮፕላን ሩቁን ቅርብ አደረገ። የስኩደሪ ቆንስል ያስፈልግ የነበረው ጉዳይ ለማንኛውም ነጋዴ የሚቻል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሐዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ፣ አንድ የቤት እንስሳት ነጋዴ ከኬንያ በግንባሩ ላይ ሦስት ቀንድ ያለውን የእስስት ዓይነት በደርዘኖች አስመጣ። እንስሶቹ ሲደርሱ ከስተውና ደክመው ነበርና እንዲያገግሙ ብሎ ጓሮው ውስጥ ለቀቃቸው። አገገሙ፤ ሄዱም። ዘራቸው ዛሬ በደሴቶቹ ጫካ ውስጥ አለ፤ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙትን የሐዋይ ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት ይበላል። ነጋዴው ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም። ያደረገው ርኅራኄ ነው። ርኅራኄውም ሌላ ፍጡር አስበላ።

ከዚያ የማዳጋስካር ተራ መጣ። ከዓለም የእስስት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት በዚያች ደሴት ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚያ እየታፈሱ በሣጥን ተጭነው ወጡ፤ በብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1995 ከአራት ዝርያዎች በቀር ንግዱን እስከ ማገድ ደርሶ ነበር።

የታፈሱት ምን ሆኑ? ብዙዎቹ በገዢዎቻቸው ቤት ረጅም ዕድሜ አላገኙም። ከምክንያቶቹ አንዱን ሳነብ የሳርዲኑ ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። እስስት በአብዛኛው የቆመ ውሃ ውሃ መሆኑን አትለይም። በዱር የምትጠጣው በቅጠል ላይ ያረፈውን ጤዛ፣ ከዝናብ በኋላ የሚንጠባጠበውን ጠብታ ነው። ጠብታው ሲያንጸባርቅ ታያለች፣ ትልሳለች። የሞላ ሳህን አጠገቧ ተቀምጦ በጥም ልትሞት ትችላለች።

እንግዲህ አስቡት። አኗሪው ውሃውን በየቀኑ ይለውጣል፤ ንጹሕ ነው፤ ሳህኑም ምናልባት ውድ ነው። እሷ ትደርቃለች። እሱ «ምን አጎደልኩባት?» ይላል። ያጎደለው ውሃ ሳይሆን ጥያቄ ነው። እሱ በሚጠማበት መንገድ የምትጠማ መስሎታል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እንላለን፤ ሌላም ብዙ ነገር ይቀራል። ስንቱ አባት ለልጁ፣ ስንቱ ባል ለሚስቱ ሙሉ ሳህን አስቀምጦ «ምን አጎደልኩ?» ሲል ሰምተናል!

ስለ ቀለሟም ያው ነው። እስስት በተቀመጠችበት ነገር ቀለም ትመሰላለች የሚለው፣ እኛንም ሹራብና ደብተር ያስፈለገን እምነት፣ በአመዛኙ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የደቡብ አፍሪካን ድንክ እስስቶች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ይህ ፈጣን የቀለም ለውጥ የዳበረው ከመደበቅ ይልቅ እርስ በርስ ለመነጋገር መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቆዳዋ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉ፣ ስትረጋጋ ተጠጋግተው፣ ስትነሳሳ ተራርቀው ብርሃንን በተለያየ መንገድ እንደሚመልሱ ገለጹ። ሁለት ወንዶች ሲጣሉ የተሸነፈው ይጠቁራል። ስትበርዳትም ሙቀት ለመሳብ ትጠቁራለች፤ ስትጨነቅም እንዲሁ።

ስለዚህ እስስት አስመሳይ አይደለችም። ከሁላችንም ይልቅ የልቧን መደበቅ የማትችል ፍጡር ናት። ፍርሃቷ፣ ቁጣዋ፣ ሽንፈቷ ሁሉ ቆዳዋ ላይ ይጻፋል። አድርባዩን በእስስት ስም ስንሰድበው ክብር ሰጥተነዋል፤ እሱ የሚለዋወጠው የተሰማውን ለመደበቅ ነውና። እኛም ልጆቹ ያን ዕለት «ተለወጠች!» ብለን ስንፈነድቅ ያየነው ትርዒት አልነበረም። ጭንቅ ነበር። ጭንቋን እንደ ውበት አነበብነው።

እዚህ ላይ የእስስት አኗሪዎች የሚያነሱት ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። «የጤዛውን ነገር እኮ በደንብ ያጠናነው እኛው ነን» ይላሉ። እውነት አላቸው። እንስሶቻቸው ሲሞቱባቸው ጠየቁ፤ ሳህኑን ትተው ቅጠል ላይ ውሃ ማርከፍከፍ ጀመሩ፤ የፀሐይን ጨረር የሚተካ መብራት አበጁ። ዛሬ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣው የየመን እስስት በብዛት በሰው ቤት ተፈልፍሎ የሚያድግ በመሆኑ ብዙ ገዢዎች ከዱር የታፈሰ አይፈልጉም። ስኩደሪም ባታኖራቸው ኖሮ ያን ጽሑፍ አትጽፍም ነበር። እኔም ብሆን ስለ እስስት ማሰብ የጀመርኩት በካርቶኑ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው? ፍቅር ከስሕተቱ ይማራል የሚለው አባባል የሚያምረው ለወዳጅ ነው፤ ለመማሪያነት የሞተችው ምንም አልተማረችበትም። ደግሞም ትክክለኛ ውሃ፣ ትክክለኛ ብርሃን፣ ትክክለኛ ፌንጣ ከተሟላ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። እስስት ብቸኛ እንስሳ ናት። በእጅ መዳበስን አትወድም። እንደ ውሻ ጭራ አትቆላም፣ እንደ ድመት ጭን ላይ አትተኛም። ለሰው ፍቅር የምትመልሰው ምንም የላትም።

ምናልባት ግን ትልቁ ትምህርቷ ይኸው ነው። ውሻን ስንወድ የምንወደው እሱን ይሁን በእሱ ዓይን የተወደደውን ራሳችንን ይሁን ለመለየት ያስቸግራል። እስስት ይህን ማምለጫ አትሰጠንም። ምንም የማይመልስልንን ፍጡር እንወዳለን ካልን፣ ፍቅራችን የሚለካው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ በምትፈልገው ልክ ለመቅረብ፣ እሷ በምትፈልገው ልክ ለመራቅ ባለን ፈቃድ። ጥሩ አኗሪ የሚባለው ይህን በሽቦ ቤት ውስጥ ሊያደርገው የሚጥር ነው። ሊሳካለት ይችላል አልልም፣ አይችልም አልልም። በጽድ አጥር ላይ ግን ያለ ምንም ጥረት ይሳካል።

አያቴ አሁን የሉም። «ምን በደለቻችሁ?» ላሉት ጥያቄ ያኔ የሰጠሁት መልስ ውሸት አልነበረም፤ ወደናት ነበር። በደሉም ከዚያ ላይ ጀመረ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ ባባራበት አንድ ጠዋት፣ በአንድ ወዳጄ ግቢ አንዲት እስስት አጥሩ ላይ አየሁ። ልጁ ሮጦ መጣና «ልያዛት?» አለኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ስትጠጣ እንያት» አልኩት። ከቅጠሉ ጫፍ ጠብታውን ስትልስ አብረን ቆመን አየን። ልጁ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።