ኀዘንን በዜማ ስለ መሸከም

አንባቢ ሆይ፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ዜማ ቢደርስ ነውር ነውን? አንዳንዶች፣ «በእውነት ቢያዝን ኖሮ ከየት አምጥቶ ያዜም ነበር?» ብለው ይፈርዱበታል። ይህ ግን የችኰላ ፍርድ ነው። ዳዊት ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ መውደቃቸውን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ ጾመም፤ ከዚያ በኋላ የልቅሶ ቅኔ ደረሰላቸው፣ የይሁዳም ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። እንባውም ቅኔውም ከአንድ ልብ የወጡ ናቸው።

በአገራችንም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት ይህንኑ ይመሰክራል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የሆኑት እማሆይ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በ1937 ኢጣልያኖች ከነቤተ ሰባቸው አግዘው ወደ አዚናራ ደሴት ወሰዷቸው። ኋላም ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኰሱ። በደርግ ዘመን፣ ከ1977 እስከ 1985 ድረስ፣ ስለ ስደት፣ ስለ መለየትና ስለ አገር ፍቅር የደረሷቸውን ዜማዎች በቤተ ሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ በካሴት ቀዱ። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ፤ እነዚያም ዜማዎች ታትመው ለሕዝብ የወጡት በ2024 ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን የሚያጨበጭብላቸው ሳይኖር ዜማው ሥራውን ይሠራ ነበር።

ሥራውስ ምንድር ነው? ኀዘን ወሰን ሲያጣ ሰውን ይውጣል። ዜማ የሚደርስ ሰው ግን ለኀዘኑ ቃል ይመርጥለታል፤ መጀመሪያና መጨረሻም ያበጅለታል። ሸክሙ አይቀልም፤ የሚያዝበት እጀታ ግን ያገኛል።

ለሚሰማውም ሰው ጥቅም አለው። ሙሾ አውራጅ ስለ አንድ ሟች ስታወርድ ለቀስተኛው ሁሉ የራሱን ሟች ያስባል። እንደዚሁም መርዶ ሰምቶ በሐዋሳ መናኸሪያ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ ከሻይ ቤት ራዲዮን እንጉርጉሮ ቢሰማ፣ አዜሚው ባያውቀውም እንኳ፣ ብቻውን እንዳልሆነ ይረዳል።

ነገር ግን ዜማ እንጀራ አይሆንም። ያ መንገደኛ የተጽናናበትን ዜማ የደረሰው ሰው ምናልባት የቤት ኪራይ ያልከፈለ፣ ታናናሾቹንም የሚያስተምርበት ያጣ ይሆናል። «እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» ብሎ ማለፍ ዕዳን መርሳት ነው። እማሆይ የሸክላቸውን ገቢ ለሙት ልጆች ርዳታ ሰጡ፤ ስለዚህ የራሳቸው ኀዘን የሌላውን ችግር እንዳያዩ አልጋረዳቸውም።

ስለዚህ አንተ ያዘንህ፣ ዜማህን አትፈር፤ ነገር ግን በውስጡ ብቻ ተሸሽገህ ቤተ ሰብህን አትርሳ። አንተም የሰማህ፣ ልብህ ከተነካ እጅህን ዘርጋ። ያለዚያ ከሌላው እንባ ደስታን ብቻ ወስደህ ሄደሃልና።