መጥራትና መፈለግ

ድመት የጠፋችበት ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው መጥራት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ስሟን ደጋግሞ ይጠራል፤ የምትበላበትን ሳህን ያንኳኳል፤ መልስ ሲያጣም «ሄዳለች» ብሎ ይደመድማል። ድምፁን እያወቀች ካልመጣች ባትፈልግ ነው ማለት ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረትም ለፍርዱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል።

ይሁን እንጂ የድመት ዝምታ ትርጉሙ ሌላ ነው። ከቤት ወጥታ የማታውቅ ድመት ድንገት ውጭ ስትቀር መከላከያዋ መሸሸግና ድምፅ ማጥፋት ነው። የምታውቀውን ሰው እየሰማች እንኳ አትመልስም፤ የእሷን ጩኸት ውሻም ጅብም ይሰማዋልና። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ከ1,200 በላይ የጠፉ ድመቶችን የተመለከተ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተገኙት ውስጥ 75 በመቶ ያህሉ የተገኙት ከጠፉበት ቦታ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ነበር። እንግዲህ መልስ ያልሰጠችው ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለችም።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በአዲስ አበባ ባዶ ቦታዎችና የወንዝ ዳርቻዎች ሣሩ ከጉልበት በላይ ያድጋል፤ ሳማው፣ ግራዋውና ቀጋው ይጠላለፋል። በዚያ መካከል ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያየው ቅጠል ብቻ ነው። ስለዚህ ፈላጊው መንበርከክ አለበት። የቁጥቋጦውን ሥር እየገለጠ ያያል፤ ሲመሽም የእጅ ባትሪውን በዓይኑ ትክክል ይዞ ያበራል፤ የድመት ዓይን ብርሃንን መልሶ ያንጸባርቃልና። እጁን ሳማ ይለበልበዋል፤ ልብሱን እሾህ ይይዘዋል።

በመጥራትና በመፈለግ መካከል ያለው የሞራል ልዩነት እዚህ ላይ ይገለጣል። የሚጠራ ሰው ባለበት ቆሞ፣ የመመለሱን ድካም በጠፋው ላይ ይጥላል። የሚፈልግ ሰው ግን ድካሙን ራሱ ተሸክሞ፣ የጠፋው ካለበት ዝቅታ ሆኖ ዓለምን ለማየት ይሞክራል። በማቴዎስና በሉቃስ ወንጌሎች በተጻፈው የጠፋው በግ ምሳሌም እረኛው ከመንጋው ተለይቶ ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይጣራም። በእስልምና ሐዲስ ደግሞ ድመት ዘግታ ምግብ የነፈገች፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ያልለቀቀቻት ሴት መቀጣቷ ተነግሯል። የሰው ግዴታ የሚመነጨው ከድመቷ ዋጋ አይደለም፤ በግድግዳው ውስጥ አኑሮ በእጁ ላይ ጥገኛ ካደረጋት ከራሱ ሥራ ነው።

«ሰው በሚጠፋበት ዘመን ድመት ፍለጋ!» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ልጆቻቸውን በረሃና ባሕር ያስቀሩባቸው እናቶች በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ ሰው እንደሚቀድም አያከራክርም። ነገር ግን ዝምታን እንደ ክህደት የሚቆጥር ልማድ በድመት ላይ አይቆምም። ወደ ቤሩት ወይም ወደ ጅዳ የሄደች ልጅ ስልኳ ሲጠፋ ዘመድ «ረሳችን» ይላል። ያልተከፈላት ደመወዝ፣ የተወሰደባት ፓስፖርት፣ ባዶ እጅ የመመለስ ኀፍረት የትኛው ጥሻ ውስጥ እንደሸሸጋት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለእርሷም ቢሆን በስልክ ደጋግሞ መደወል መጥራት ነው፤ አብረዋት የነበሩትን አፈላልጎ፣ ቆንስላ ደጅ ጠንቶ መጠየቅ ግን መፈለግ ነው።

በእርግጥ ፍለጋ ሁሉ በማግኘት አያበቃም። ድመቲቱ ሞታ ይሆናል፤ በሌላ ቤትም ለምዳ ይሆናል። ፍለጋ ባለቤትነትን ማስከበሪያ አይደለምና፣ ደኅና መሆኗን አውቆ መተውም አለ። ማግኘት በፈላጊው እጅ አይደለም፤ ማጎንበስ ግን በእጁ ነው። «ሄዳለች» ለማለትም ቢያንስ ከአጥሩ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ገልጦ ማየት ይቀድማል።