ስንጎበኝ ዐይናችን ምን ይጠየቃል?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዓል ሲደርስ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ልጆች «ዘንድሮ የት እንሄዳለን?» ይላሉ። እናት ልጆቿ ከግቢ ወጥተው አየር እንዲለውጡ ትሻለች። አባት ደግሞ መጀመሪያ ኪሱን ያስባል፤ ቀጥሎም ከኪሱ የከበደ ነገር ያስጨንቀዋል። «ለመሆኑ ሽርሽር ለሙስሊም ቤተሰብ ምን ይረባዋል? ጊዜና ገንዘብ ማባከን አይሆንምን?» ይላል።

በዚህ ጉዳይ ሰዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን መዝናናትን ሁሉ ከዘንጊነት ይቆጥረዋል። ልጆቹ ከቤት፣ ከመድረሳና ከመስጊድ ሌላ እንዲያዩ አይፈልግም። ሁለተኛው ወገን መዝናናት መዝናናት ነው፤ ሃይማኖትን ከዚህ ምን አገባው ይላል። ሲወጣ ኢስላሙን እቤቱ አስቀምጦ የሚወጣ ይመስል ሰላቱን ያሳልፋል፤ ምላሱንም ዐይኑንም ይለቃል። ሁለቱ ጎራዎች የተራራቁ ቢመስሉም የሚስማሙበት ነገር አላቸው። ሁለቱም ደስታና ዒባዳ አብረው አይሄዱም ብለው ያምናሉ። ስህተቱም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዕረፍት የተፈቀደ ነው

ሐንዘላ የተባሉት ሰሐባ አንድ ቀን በጣም ተጨነቁ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲቀመጡ ጀነትና ጀሀነም በዐይናቸው የሚያዩት ያህል ይሰማቸዋል። ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር ሲሆኑ ግን ያ ስሜት ይርቃቸዋል። ይህን ንፍቅና ነው ብለው ፈሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላስደነገጧቸውም፤ ለዚህም ጊዜ አለው፣ ለዚያም ጊዜ አለው በማለት አረጋጓቸው። ሰልማን አል ፋሪሲም ወዳጃቸው አቡ ደርዳእ ሌሊቱን በስግደት ቀኑን በጾም ሲጨርሱ አይተው ነፍስህም ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው ብለው መክረዋቸዋል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰልማንን ቃል አጽድቀዋል።

እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚመለከት ሐዲስም አለ። በመዲና መስጊድ ውስጥ ሐበሾች በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ማየት በፈለጉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከልለዋቸው ቆሙ፤ ዓኢሻም አይተው እስኪጠግቡ ድረስ ታገሡ። ባል ሚስቱ ጨዋታ አይታ እስክትረካ ድረስ መቆሙ ሱንና መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

እንግዲህ ቤተሰብን ይዞ መውጣት በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው ወጥተን ምን እናደርጋለን? የሚለው ነው። ቅዱስ ቁርኣን በምድር ላይ ሂዱና ተመልከቱ የሚል ትእዛዝ በብዙ ስፍራ ይሰጣል። በሱረቱል ሐጅ ላይ ደግሞ የሚታወረው ዐይን ሳይሆን በደረት ውስጥ ያለው ልብ መሆኑን ያስተምረናል። በሱረቱል ኢስራእ መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም ስለ ሥራቸው እንደሚጠየቁ ይነግረናል። ስለዚህ ማየት ዋጋ የሌለው ተራ ነገር አይደለም። ጎብኚ ዐይን ሒሳብ አለበት።

ሁለት ዓይነት ስፍራ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ የሠሙድ ሕዝብ ይኖርበት በነበረው በሒጅር በኩል አለፉ። ባልደረቦቻቸው ወደነዚያ ቤቶች እያለቀሱ ካልሆነ በስተቀር እንዳይገቡ አስጠነቀቁ፤ ራሳቸውንም ሸፍነው ፈጥነው አለፉ። በቋጥኝ የተፈለፈሉት እነዚያ ቤቶች ያማሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በውበታቸው ፊት ቆመው እንድንደመም ሳይሆን ውበት ባለቤቱን ከጥፋት እንዳላዳነው እንድናስብ አስተማሩን።

ሌላ ዓይነት ስፍራም አለ። ይኸውም ሕዝቡ ያልጠፋበት፣ አዛን የሚሰማበት፣ ድስት የሚጣድበት ጥንታዊ ከተማ ነው። ለዚህ ከሐረር የተሻለ ምሳሌ ከወዴት እናመጣለን? የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን ተሠራ። 48 ሄክታር በማይበልጥ ስፍራ ላይ 82 መስጊዶች ይገኛሉ፤ ከነዚህም 3ቱ የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆናቸው ይነገራል። ግንቡ 5 ጥንታዊ በሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በሒጅር የሚገባው ስሜት ፍርሃትና ለቅሶ ነው። በሐረር የሚገባው ግን የእንግዳ አደብ ነው። ልዩነቱን ልብ እንበል። ፍርስራሽ የምንረግጠው ባለቤቱ በሌለበት ነው። ጀጎልን ስንረግጥ ግን ወደ ሰው ቤት መግባታችን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጠፋን ይህን ልዩነት አለማወቃችን ነው፤ ሕይወት ባለበት ከተማ ውስጥ ባለቤቱ በሞተበት ሙዚየም ውስጥ እንደምንሄድ ሆነን እንሄዳለን።

የነዋሪው ሐቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተወሰኑ ተማሪዎቻችን ቤተሰቦች ጋር በጀጎል ውስጥ ስንዘዋወር አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ ተቀምጠው ጫት ይቀነጥሱ ነበር። ከመካከላችን አንዱ አባት ሰላም ሳይላቸው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣቸው። አሮጊቷም በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የሰባት ዓመት ልጁ «አባዬ፣ ለምን ተሸፈኑ?» ብላ ጠየቀችው። አባቷ መልስ አልነበረውም። ሚስቱ ግን ጠጋ ብላ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እናቴ፣ አውፍ በሉን» አለች። አሮጊቷም ፊታቸውን ገልጠው ሰላምታዋን መለሱ፤ ልጅቷንም ጠርተው ራሷን ዳሰሷት። ያች ልጅ በዚያ ቀን ስለ ግንቡ የተነገራትን ትረሳ ይሆናል፤ በፎቶና በሰላምታ መካከል ያለውን ልዩነት ግን የምትረሳው አይመስለኝም።

ቁርኣን ወደ ሰው ቤት ሳታስፈቅዱና ነዋሪዎቹን ሰላም ሳትሉ አትግቡ ሲለን ትእዛዙ ለበር ብቻ አይደለም። ዐይንም ይገባል። ከእግር ቀድሞ የሚገባውም እሱ ነው።

የሚያይ ሰው በሚታየው ላይ ኃይል እንዳለው ታሪክም ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ የቆየው 10 ቀን ያህል ነው። ይሁንና የጻፈው መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የውጭው ዓለም ሐረርን የሚያውቅበት መስኮት ሆነ። ከሱ በፊት ኢብን በጡጣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘይላዕ ደርሶ የከተማዋን የዓሣና የግመል ሥጋ ሽታ ጠልቶ በመርከብ ላይ አደረ። ያ የአንድ ሌሊት ቅሬታ ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል። ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን ካሜራ ይዘን በአንድ ቀን ያየነውን ለሺህ ሰው እናሰራጫለን። የማናውቀውን ሰው ደህየ፣ ቆሸሸ፣ አስቂኝ ነው እያልን ስናሳይ ሐሜት ማድረጋችን መሆኑን ማን ያስታውሰናል?

የሙታን ሐቅ

በጀጎል ውስጥና ዙሪያ ከ100 የሚበልጡ የቀብር ስፍራዎችና መዘክሮች አሉ፤ የአሚር ኑር ቀብርም ከነሱ አንዱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀብር መጎብኘትን አስቀድመው ከከለከሉ በኋላ አኺራን ያስታውሳልና የፈቀዱት መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ከቀብር ስንደርስ ሰላም እንላለን፣ ለሟቾች ዱዓ እናደርጋለን፣ የራሳችንንም መሄጃ እናስባለን። ሙታንን አንለምንም፤ እነሱ የእኛን ዱዓ ይሻሉ እንጂ። በሌላ በኩል ቀብሩን ተደግፎ መሳቅም ሆነ ሥዕል መነሣት አደብ አይደለም።

አንድ የሚያሳዝን ነገርም አለ። ብዙ ጎብኚ በሐረር መጀመሪያ የሚጠይቀው የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ቤት ነው። ራምቦ በሐረር በንግድ ሥራ መኖሩ እውነት ነው፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በስሙ የሚጠራው ያማረ ቤት ግን ከሞቱ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ መሆኑን ታሪክ ዐዋቂዎች ይናገራሉ። ቤቱን ማየት ክፉ አይደለም። ነገር ግን ልጆቻችን አንድ መንገደኛ ያላደረበትን ቤት ዐውቀው ግንቡን ያሠራውን አሚር ስም ሳያውቁ ቢመለሱ ምን ተማሩ እንላለን? በአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ የተሰበሰቡትን የእጅ ጽሑፎችና በሐረር የተቀረጹትን ሳንቲሞች እናሳያቸው። ቁርኣንን በእጁ ጽፎ፣ በቆዳ ደጉሶ ያቆየልን ሰው ስሙን እንኳ ሳይጽፍ እንዳለፈ እንንገራቸው። ኢኽላስ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል?

የመስጊድና የእንስሳ ሐቅ

መስጊድ የሚጎበኝ ሳይሆን የሚሰገድበት ስፍራ ነው። ከሐረር መስጊድ ገብቶ ሁለት ረከዓ ሳይሰግድ ምሰሶውን ብቻ ፎቶ አንሥቶ የወጣ ሙስሊም፣ ከሰርግ ቤት ሄዶ ድንኳኑን ዐይቶ የተመለሰ ሰው ነው። እነዚያ መስጊዶች ይህን ሁሉ ዘመን የቆዩት በኖራና በድንጋይ ብቻ አይደለም፤ በውስጣቸው ግንባሩን የሚደፋ ሰው ስላላጡ ነው። መንገደኛ ለሆነም ሸሪዓው ሰላትን አሳጥሮለታል እንጂ አላነሣለትም።

ማታ ማታ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ለማየት ብዙ ሰው ይሰበሰባል። ልጆች ይህን ከሁሉ ይበልጥ ይወዱታል። አባቶች ግን ትርዒቱን ብቻ አሳይተው ባይመለሱ መልካም ነው። በቀን ብርሃን ወደ ግንቡ ወስደው ከሥር ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሳዩአቸው። በነሱ ውሃ ይወጣል፤ ጅብም ሌሊት እየገባ የተጣለውን ጠርጎ ይሄዳል። ጠላትን ለመከላከል ግንብ የሠራ ሕዝብ ለጅብ መግቢያ ተወ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውሻን ውሃ ላጠጣ ሰው የአላህን ምሕረት አብስረዋል፤ እንስሳን እርስ በርስ ማዋጋትንም ከልክለዋል። እንስሳ ጎረቤት እንጂ መቀለጃ አይደለም። ልጅ ጅቡ ላይ ድንጋይ ሲወረውር ዝም ያለ አባት ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ ሄዷል።

ገንዘብ የሌለውስ?

«ይህ ሁሉ ለባለገንዘብ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ተበድሮ መሸርሸር ከቶ አይመከርም፤ የቤተሰብ ቀለብ ይቀድማል። ነገር ግን የተናገርነው ሐቅ በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም። በየሰፈራችን ያረጀ መስጊድ አለ፤ የመሠረቱትን ሰዎች የሚያስታውሱ ሽማግሌ አሉ። ልጆችን ይዞ በእግር ሄዶ ሽማግሌውን «አባባ፣ ይህን መስጊድ ማን ሠራው?» ብሎ ማስጠየቅ ጉብኝት ነው። እንዲያውም አንድ ሐረሪ አባት የገዛ ቤቱን ግድግዳ፣ የተደረደረውን ስፌትና ነደባውን ለልጁ ካላስረዳው፣ ልጁ በቅርስ መካከል ተወልዶ ቅርስ ሳያይ ያድጋል። ቅርበት ብቻውን ማስተዋልን አይሰጥም። ሩቅ መሄድም እንደዚሁ።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ከመውጣታችሁ በፊት ኒያችሁን አስተካክሉ። ስለምትሄዱበት ስፍራ አንድ ሁለት ነገር ለልጆቻችሁ ንገሩ። ስትደርሱ ከካሜራ በፊት ሰላምታን አስቀድሙ። ከነዋሪው ስትገዙ ድሃውን እስኪያማርር አትከራከሩት። ስትመለሱም «ምን አያችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ማንን ሰላም አላችሁ? ለማን ዱዓ አደረጋችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልስ ካጡ ቀጣዩን ጉዞ አብራችሁ አስተካክሉ፤ መልስ ካላቸው ግን ያወጣችሁት ገንዘብ አልባከነም።

ከተማዎቹን የሠሩት ሰዎች አልፈዋል። እኛም እናልፋለን። ነገ ሌላ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በእኛ ሰፈር ሲያልፍ የተውነውን ያያል። የሚያየው መልካም ይሆን ዘንድ ዛሬ የምናየውን በአደብ እንይ። አላህ (ሱ.ወ.) ዐይናችንን አስተዋይ፣ ልባችንን ንቁ፣ ልጆቻችንንም የዐይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።