ከዝናው አንሶ ስለሚገኝ ነገር

የሰው ልብ ዓይን ሳያይ አስቀድሞ የሚሥል ሠዓሊ ነው። ስለ አንድ አገር፥ ስለ አንድ ትልቅ ሰው፥ ስለ አንድ ሥራ ወይም ስለ አንድ ማዕረግ ወሬ በሰማን ጊዜ ልባችን ወዲያው ቀለሙን በጥብጦ ሥራውን ይጀምራል። ወሬው አንድ ቢሆን ሥዕሉ ዐሥር ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከነገሩ ጋራ ፊት ለፊት እንገናኛለን፤ በዚያን ጊዜ ወደ አፋችን ቀድማ የምትመጣው ቃል ብዙውን ጊዜ፥ «ይኸው ነው እንዴ?» የምትለው ናት።

ይህች አጭር ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን ብዙ ተማሪ ትምህርቱን የተወው፥ ብዙ ሠራተኛ ሙያውን የጣለው፥ ብዙ ሰውም ወዳጁን የናቀው በእርሷ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ከዝናው አንሶ በተገኘ ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። የነገሩ ነውን? የአውሪው ነውን? ወይስ ተስፋ ያደረገው ሰው?

ለዚህ ጥያቄ ከአገራችን ምድር የተገኘ አንድ ታሪክ አለ። የናይል ወንዝ ከየት እንደሚፈልቅ ማወቅ ከጥንት ጀምሮ የነገሥታትና የሊቃውንት ምኞት ነበረ። የሮማው ቄሣር ኔሮን እንኳ ምንጩን እንዲፈልጉ ወታደሮች ልኮ፥ መውጫ የሌለው ረግረግ አግኝተው ተመልሰዋል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ይህንኑ ምኞት ይዞ ከአገሩ ወጣ። ባሕርና በረሃ አቋርጦ፥ በምጽዋ በኩል ገብቶ፥ ጎንደር ደርሶ ከቆየ በኋላ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 4 ቀን 1770 በጎጃም ውስጥ በሰከላ ከሚገኘው ከግሽ ዓባይ ደረሰ። ያገኘውም በረግረጋማ መስክ መካከል፥ ለምለም ሣር በለበሰ ጉብታ ላይ የምትፈልቅ አንዲት ትንሽ ምንጭ ነበረች።

ብሩስ በመጀመሪያ እጅግ ደስ አለው፤ ከውሃው ቀድቶም በንጉሡ ስም ጠጣ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በኋላ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ እንደ ገለጸው ወዲያው ኀዘን ያዘው። በአገሩ ከአንድ ኮረብታ ሥር የሚፈልቁትን ወንዞች አሰበና፥ በልጅነቱ የሚያውቃቸው ውሆች ከዚህች በምን ያንሳሉ እያለ ተከዘ። ከዚህም ሌላ የእስፓኝ ተወላጅ የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ይህንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ለመቀበል አልወደደም። የመጀመሪያ መሆን ለእርሱ ከምንጩ ይልቅ ትልቅ ነገር ሆኖበት ነበርና።

እንግዲህ ምንጩ ብሩስን አታለለውን? አላታለለውም። ውሃው ትልቅ ነኝ ብሎ ለማንም ቃል አልሰጠም። በአጠገቡ የሚኖረው የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያከብረዋል፤ እስከ ዛሬም ጸበል ነው እያለ ይጠመቅበታል። ስለ ትንሽነቱ የተከዘ የለም፤ መጠኑን ሲያውቀው ኖሯልና። አንድ ምንጭ፥ ሁለት ተመልካች፤ ልዩነቱ ያለው ይዘውት በመጡት ሥዕል ላይ ነው።

ደግሞም ብሩስ የቆመው በመጀመሪያዋ ነጥብ ላይ ነበረ፤ የወንዙ ትልቅነት ግን የሚገኘው በመንገዱ ላይ ነው። ከግሽ የሚወርደው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ይገባል። ከጣና የሚወጣው ዓባይ በሽሎን፥ ጀማን፥ ሙገርን፥ ጉደርን፥ ዴዴሳን፥ ዳቡስን እየተቀበለ በጥልቁ ሸለቆ ይወርዳል። ዓባይ፥ ተከዜና ባሮ አንድ ላይ ሲቈጠሩ ከናይል ውሃ 85 በመቶ ያህሉን የሚያስገኙ ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም የተገነባው በዚሁ በዓባይ ላይ ነው። የግሽ ምንጭ ብቻዋን ይህን ሁሉ አላደረገችም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ከሌሎች ጋራ ሆና ነው። ነገር ግን ትንሽ ነሽ ተብላ ብትናቅ፥ ከሌሎቹ መካከል ሳትናቅ የምትቀር አንዲት ምንጭ ከየት ትገኛለች?

ከተፈጥሮ ወደ ሰው እጅ ሥራ ብንሻገርም ነገሩ ይኸው ነው። በፓሪስ ከተማ፥ ሉቭር በሚባለው ቤተ መዘክር ውስጥ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣላት ሞና ሊዛ የምትባል ሥዕል አለች። ስሟን ብቻ የሰማ እንግዳ ግድግዳ የምትሞላ ሥዕል የሚያይ ይመስለዋል። የሚያገኘው ግን ቁመቱ 77፥ ስፋቱ 53 ሳንቲሜትር በሆነ የእንጨት ገበታ ላይ የተሣለች፥ በመስተዋት የተከለለች የአንዲት ሴት መልክ ነው። ብዙው ሰው ጥቂት ቆሞ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ «ትንሽ ናት» ብሎ ይሄዳል።

ይህች ሥዕል በ1911 ተሰርቃ ነበር፤ የሰረቃትም ቀድሞ በዚያው ቤት ይሠራ የነበረ ጣሊያናዊ ነው። ወሬው በየጋዜጣው በተነገረ ጊዜ ሕዝቡ ተሰልፎ የተመለከተው ሥዕሏ ተሰቅላበት የነበረውን ባዶ ግድግዳ ነበረ። በ1914 ወደ ቦታዋ ስትመለስ ዝናዋ ከፊተኛው እጅግ በልጦ ነበር፤ በሥዕሏ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ቀለም አልተጨመረባትም። ከዚህ የምንረዳው ዝና ከነገሩ ተለይቶ ብቻውን ሊያድግ እንደሚችል ነው። የስርቆቱን ጫጫታ ያህል ሥዕል ፍለጋ የመጣ ሰው፥ ሠዓሊው በስስ የቀለም ድርብርብ የከንፈሯንና የዓይኗን ጥግ እንዴት እንዳለዘበው ሳያስተውል ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «አባቶቻችን ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ብለዋል፤ አንተ ግን ትንሽ ሆኖ የታየውን ሁሉ ትልቅ ነው ልትለን ነውን?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓለም ላይ በእውነት ባዶ የሆነ ነገር ሞልቷል። ስሙ ገንኖ ውስጡ ክፍት የሆነ ቤት፥ ማዕረጉ ረዝሞ ዕውቀቱ ያጠረ ሰው፥ ምርቃቱ ደምቆ ትምህርቱ የከሳ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ ትንሽ መስሎ የታየውን ሁሉ ማመስገን አይገባም፤ ሁሉንም መናቅም አይገባም። የሚለየው ከነገሩ በሚወጣው ፍሬ ነው፤ ፍሬን ለማየት ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል።

ጨረቃን እንውሰድ። ሰው ሁሉ ውብ የሆነችውን ልጅ በጨረቃ ይመስላል። ነገር ግን ጨረቃ ከሚደርስባት የፀሐይ ብርሃን የምትመልሰው ከመቶ 12 ያህሉን ብቻ ነው፤ መልኳም ለአስፋልት የቀረበ ነው። በ1969 ዓርምስትሮንግና ኦልድሪን በላይዋ ላይ ሲቆሙ ያገኙት ግራጫ አቧራና ድንጋይ ነበረ። ከመንኮራኩራቸው ወጥተው የቆዩት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን፥ ይዘው የተመለሱት ከ21 ኪሎ የሚበልጥ ድንጋይና አፈር ነው። ያን ቀን ዓለም ሁሉ በየቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፥ በ1970፥ አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ሲጓዝ ግን በውስጡ ያሉት ሰዎች ከሰማይ የላኩትን ሥርጭት የአሜሪካ ታላላቅ ጣቢያዎች ሳያሳዩት ቀሩ። ነገሩ ተለመደ፤ ድንጋይና አቧራ ነው ተባለ። ዓለም ዓይኑን የመለሰው የኦክሲጅን ማጠራቀሚያው ፈንድቶ ሰዎቹ ሊሞቱ ሲሉ ነው። ድንጋዩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሊቃውንት ይመረመራል፤ ጨረቃ ከአራት ቢሊዮን ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ እንዳላት ያስረዳው እርሱ ነው። ጫጫታው አለፈ፥ ፍሬው ቀረ።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሙያ ለመያዝ ለተነሣ ወጣት ነው። ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ልጅ በልቡ የሚሥለው ነጭ ካባውን እንጂ የሌሊቱን ተረኝነት አይደለም። መምህር ለመሆን የሚያስበውም አርባ ደብተር ማረም ወደ አሳቡ አይመጣም። መሐንዲሱ ድልድዩን ያያል፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ አፈር መለካቱን አያይም። ሥራው ሲጀመር ግን አስቀድሞ የሚመጣው ይህ ያልታየው ክፍል ነው፤ ወጣቱም ተታለልኩ ይላል።

ማሪ ኩሪ የተባለችው ሊቅ ከባሏ ከፒየር ጋራ ራዲየምን ለይታ ለማውጣት የሠራችው በፓሪስ፥ ጣራው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ያን ቦታ ሊጎበኝ የመጣው ኦስትቫልድ የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ የከብት በረትና የድንች ማከማቻ መስሎ ታይቶት ነበር። ማሪ በዚያ ውስጥ ቁመቷን በሚያህል የብረት ዘንግ የሚፈላውን ማዕድን ስታማስል ትውል ነበር። ከብዙ ሺህ ኪሎ ማዕድን በኋላ በ1902 ያገኘችው የአንድ ግራም ዐሥረኛ የሚያህል የራዲየም ጨው ነው። በ1903 እና በ1911 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች። በኋላ ስለ ሕይወታቸው ስትጽፍ ግን ከሁሉ የበለጠ ደስታ ያገኙባቸው ዓመታት በዚያ መጋዘን ያሳለፏቸው እንደ ሆኑ መስክራለች። ዝናውን ብቻ ፈልጋ ብትገባ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት በሩን ዘግታ በወጣች ነበር።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። አንድ ነገር በእውነት ከዝናው ያነሰ ሆኖ ሲገኝ፥ ያንን ያየ ሰው ለሚከተለው ወንድሙ ምን ዕዳ አለበት? ብዙ ወጣት ወደ ዓረብ አገር፥ ወደ አውሮፓ፥ ወደ አሜሪካ የሚሄደው በፎቶግራፍ ያየውን ሕይወት ፍለጋ ነው። ቀድሞ የሄደው ከሚያምር ሕንፃ ሥር፥ ከሰው መኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ ይልካል፤ የሌሊቱን ሥራ፥ የጠባቡን ክፍል፥ የብቸኝነቱን ዕንባ አይልክም። በዚህም ሥዕል የተማረከው ታናሽ ወንድም አባቱን በሬ አሸጦ፥ ወይም በአራጣ ተበድሮ ይነሣል። እርሱም ደርሶ እውነቱን ሲያይ ያፍራል፤ ባፈረም ጊዜ እንደ ታላቁ ቆሞ ፎቶግራፍ ይልካል። እንዲህ እየሆነ ሐሰቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ሁሉም በሐሰት ይነሣሉ ማለት አይደለም፤ በስደት ሠርቶ ቤተ ሰቡን ከችግር ያወጣ ብዙ ነው፥ ክብርም ይገባዋል። ችግሩ ያለው ዝም ባለው ላይ ነው። እርሱንም ብቻውን መክሰስ ትክክል አይሆንም። እውነቱን ቢናገር ምን እንለዋለን? «ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ» ብለን የምንስቅበት እኛ አይደለንምን? ሰው እንዳይዋሽ የሚፈልግ ጎረቤት እውነት ለተናገረው ሰው መቀመጫ መስጠት አለበት። ያልተሳካለትን ሰው የሚያዋርድ ሰፈር ልጆቹን በተሣለ ተስፋ ለሚነግዱ ደላሎች አሳልፎ ይሰጣል።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ «ይኸው ነው እንዴ?» የምትለው ቃል ወደ አፋችሁ ስትመጣ ጥቂት ያዟትና ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን ትልቅ ነገር ቃል የሰጠኝ ነገሩ ራሱ ነው ወይስ ወሬው? ከዚህ ነገር የሚወጣው ፍሬ ምንድን ነው? ፍሬውንስ ለማየት የሚበቃ ጊዜ ቆይቼአለሁን? መልሱ ነገሩ መልካም እንደ ሆነ ካሳያችሁ የሣላችሁትን ሥዕል ጥላችሁ ነገሩን ያዙ። ባዶ እንደ ሆነም ካረጋገጣችሁ ሳታፍሩ ተዉት፤ ተዉትና ዝም አትበሉ፤ ከኋላችሁ በዚያው መንገድ ለሚመጣው እንዳያችሁት አድርጋችሁ ንገሩት።