ልክ ማስገባት

ጎንደር ውስጥ በተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ያረፈደ ልጅ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እንደ እንቁራሪት እየዘለለ ሜዳውን ይዞር ነበር። ሁለት ዙር። ሐሙስ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ያንኑ ዝላይ፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ አንዳንዴም ከሁለት ዙር በላይ፣ እየተሽቀዳደምን እንዘልለው ነበር። ጉልበቴ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። እኔ ግን ማክሰኞ አርፍጄ ባለቀስኩበት ነገር ሐሙስ ስቄ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ይህ ያኔ ገርሞኝ አያውቅም፤ የገረመኝ ከጎለመስኩ በኋላ፣ ጎረቤቴ ከሆኑ አንድ ጡረተኛ አምሳ አለቃ ጋር ቡና ላይ ስንጫወት ነው።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ በወታደር ቤት ትንሿ ቅጣት ምን ነበረች?» አልኳቸው።

«ትንሽ ቅጣት የለም ልጄ» አሉ። «ትንሽ ቀጪ ነው ያለው።»

ከዚያ እየሳቁ ዘረዘሩልኝ። ጫማው ያልተወለወለ ድርብ ዘብ ይቆማል። ለሰልፍ የዘገየ ፑሽ አፕ ይወርዳል። አፉን የከፈተ አሸዋ የሞላ ከረጢት ተሸክሞ ኮረብታ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለት መኮንኖችን ግን ለይተው አነሱልኝ። አንደኛው ጓዱን በሙሉ ሲቀጣ ኮቱን አውልቆ አብሮ የሚወርድ መቶ አለቃ ነበር። «ሠላሳ ሲል ሠላሳውን ይሠራዋል። ቅጣት መሆኑን እንረሳው ነበር።» ሁለተኛው ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚቆጥር ነበር። ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ የአንዱ ክንድ ዝንፍ ካለ ወደ ሃያ ይመለሳል። ሲሰለቸው ወደ አሥር። እሳቸው ይህን ሲናገሩ አርባ ዓመት ያለፈው አይመስልም።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አለው፦ ልክ። ልብስ ሰፊ ልክ ይወስዳል። እውነት የተናገረን ሰው «ልክ ነህ» እንለዋለን። ለደፈረን «ልክህን እወቅ» እንላለን፤ ካልሰማም «ልክ አስገባዋለሁ» ብለን እንዝታለን። መለኪያው፣ እውነቱ፣ ወሰኑና ቅጣቱ በአንድ ቃል ታጭቀዋል። ይህን የቋንቋ ድህነት ነው የሚል ካለ አልስማማም። ቃሉ አንድ የሆነው አራቱ ነገሮች መለያየት ስለሌለባቸው ይመስለኛል። መለኪያ የሌለው ቅጣት ከእውነት ጋር አይገናኝም።

ቅጣትን ከሥልጠና የሚለየው ሕመሙ አይደለም፤ ሥልጠናም ያማል። ዓላማው ነው እንዳንል፣ «ለራስህ ብዬ ነው» የማይል ቀጪ አላየሁም። የወንበሩን መኮንን ደግመን እንመልከተው። ከሃያ አምስት ወደ ሃያ ሲመለስ የሰበረው ጡንቻ አይደለም፤ የሰበረው ቁጥሩን ነው። ሃያ አምስት ሃያ አምስት መሆኑ ከቀረ ለምልምሉ የሚቀረው መለኪያ የአለቃው ፊት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚማረው ፊት ማንበብ ነው እንጂ ወታደርነት አይደለም። ቆጠራው የታወቀ ትንሽ ቅጣት ግን እንዲህ ይላል፦ ጥፋትህ ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ አያልፍም፣ ስትጨርስ ሰልፉ ውስጥ ቦታህ ይጠብቅሃል። ትንሽ ቅጣት አጥፊው አሁንም የእኛ ሰው መሆኑን ያምናል። የሞት ፍርድ ይህን አያምንም።

(ዛሬ በጎንደር አካባቢ ስለ ወታደር መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያልቆሰለ ቤት ጥቂት ነው። የማነሣው ነገር ግን መሣሪያ የያዘን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው፣ የትም ይቁም።)

የዚህ አገር ሰው ስለ ጦር ሥርዓት ሲያስብ ከቴዎድሮስ ማምለጥ አይችልም። የቋራው ካሳ ቴዎድሮስ ተብሎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ የተረከበው ጦር ሥርዓት ያለው ጦር አልነበረም። በዘመነ መሳፍንት ወታደር ማለት ገበሬው ቤት ገብቶ የሚበላ፣ የሚጠጣና የሚያዝ ሰው ነበር። ደመወዙ የገበሬው ጎተራ ነው። ቴዎድሮስ ይህን ለማስቆም ተነሣ። ዘረፋን ከለከለ፤ ወታደሩን ከገበሬው ጫንቃ አውርዶ በደመወዝ ሊያሳድር ሞከረ፤ ጦሩንም በአሥር፣ በአምሳ፣ በመቶና በሺህ አለቆች ለማዋቀር ጣረ። የጎረቤቴ ማዕረግም የዚያ አሳብ የልጅ ልጅ ነው።

አሳቡ ትልቅ ነበር፤ የከሸፈውም በገንዘብ እጦት ብቻ አይመስለኝም። ደመወዙ ሲጠፋ ዘረፋው መመለሱ እርግጥ ነው። ግን ሌላም የጎደለ ነገር አያለሁ። በቴዎድሮስ ጦር ውስጥ በሽልማትና በከባድ ቅጣት መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ይመስለኛል። የሚወደውን ሰው ከራሱ በላይ ያከብራል፤ የተቆጣውን ይቆርጣል፣ ይሰቅላል፣ ወደ ገደል ይወረውራል። ላረፈደ፣ ለሰነፈ፣ አንድ ዶሮ ለሰረቀ ሰው የሚሆን ልክ ብዙም አይታየኝም። ትንሽ ቅጣት የሌለው ጦር ትንሽ ይቅርታም የለውም። አጥፊው ዕጣው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ይከዳል። በዘመኑ መጀመሪያ በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠር የነበረው ሠራዊት በመጨረሻ ምሽጉ በመቅደላ አምባ ላይ ወደ ጥቂት ሺህ ወርዷል።

ከሁሉ የሚያመው የራሱ የንጉሡ ልክ ማለፍ ነው። ዘረፋን የከለከለው ሰው በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ራሱ ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ የብራና መጻሕፍቱን ጭኖ ወሰደ። ጎንደሬ ቴዎድሮስን ሲያነሣ ዛሬም ድምፁ ሁለት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሆኖም የቀጣዩን ዓመት ጉዞ ሳስብ ፍርዴ ይወላውላል። ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በገደልና በሸለቆ ያስጎትት ነበር። መንገዱ አልነበረም፤ እየሠሩ ነው የሄዱት። በቅርብ የነበሩ አውሮጳውያን እንደጻፉት ንጉሠ ነገሥቱ ከማለዳ እስከ ማታ ከወታደሩ ጋር ነበር፤ በገዛ እጁ ድንጋይ ያነሣ ነበር። በአገራችን ድንጋይ መሸከም ትርጉም አለው። የበደለ ሰው ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ የተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል፤ የተበደለውም «አውርድ» ይለዋል። ድንጋዩን በዳዩ ራሱ አነሣው እንጂ ማንም አልጫነበትም። ቴዎድሮስ ያን ጊዜ ድንጋይ ሲያነሣ ምን እያሰበ እንደነበር አይታወቅም፤ እኔ ግን ከጎንደር በኋላ «አውርድ» የሚለው አጥቶ እንደቀረ ሰው አድርጌ ነው የማየው።

ቴዎድሮስን ያሸነፈው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርስ? እሱ እንኳ ሥርዓት ነበረው፤ 13 ሺህ ያህል ወታደር ዙላ ወደብ ላይ አውርዶ፣ ዝሆን መድፍ እየተሸከመለት፣ ሳይበተን መቅደላ ደርሷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሱን ካጠፋ በኋላ ይህ ሥርዓተኛ ጦር አምባውን ዘረፈ። ያውም በሥርዓት፦ ዝርፊያው ተሰብስቦ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከጎንደር አድባራት በቁጣ የተወሰዱት መጻሕፍት ለሁለተኛ ጊዜ ተዘረፉ፤ አሁን በደረሰኝ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ በሰላም ጊዜ ወታደርን መግረፍ ከለከለ፤ በዘመቻ ላይ ግን ጅራፉ እስከ እ.ኤ.አ. 1881 ቆየ። ሥነ ሥርዓት በራሱ በጎ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ የደላንታን ሐራጅ አስታውሰዋለሁ።

ወደ ሰውነት ልክ እንምጣ። የጥንቱ ዘማች የአካል ብቃት ፈተና አልነበረውም። ፈተናው የሊማሊሞ ዳገት ነበር፤ የወጣው ወጣ፣ የቀረው ቀረ። (ስንቁንና ወፍጮውን ተሸክመው ከኋላ የሚከተሉትን ሴቶች ብቃት የለካ አልነበረም፤ ከፍተኛው ሸክም የእነሱ ሆኖ ሳለ።) ሰዓትና ሜትር ኋላ የመጡ ናቸው። ኬኔዝ ኩፐር የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 የ12 ደቂቃ ሩጫን መለኪያ አድርጎ አስተዋወቀ፤ ብዙ የዓለም ጦሮችም ተቀበሉት። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግን ተራራ አያውቅም። 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ደባርቅ አንድ ትንፋሽ የሚያቀብለው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በዚያው በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ፣ ከጎንደር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ፣ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ባለ ክብረ ወሰን የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ስድስተኛ ወጥቶ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሁለተኛ የወጣው የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ ነበር፤ ማራቶኑንም እሱ አሸነፈ። ያን ቀን ክላርክ ሰነፈ የሚል ዳኛ የለም። ልኩ ቦታውን ተከትሎ ተለወጠ እንጂ።

ለዚህም ነው መለኪያ በተለወጠ ቁጥር «የዛሬ ልጆች ለሰሱ» የሚለው የቡና ላይ ጨዋታ የማያሳምነኝ። የአሜሪካ ጦር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈተናውን ደጋግሞ ቀይሯል፤ መጀመሪያ ዕድሜና ጾታ ሳይለይ ለካ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዕድሜና በጾታ ለየው፣ በ2025 ደግሞ ለውጊያ ሙያዎች የጾታውን ልዩነት አነሣው። ጥያቄው ሰው መላላቱ አይደለም፤ የምንለካው ምን ለመሥራት ነው የሚለው ነው። ድሮን የሚያበር ወታደርና ቁስለኛ ተሸክሞ ሰሜን ተራሮችን የሚወርድ ወታደር አንድ ልክ የላቸውም። ልኩ ይቀየር፤ ግን በጠዋት ተነግሮ እንጂ በሩጫው መካከል አይሁን። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ጥፋቱ ይኸው ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላን ያላነሣ የአካል ብቃት ወግ ይጎድለዋል። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ የማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ ገባ። ከዚያ አልተጋደመም። ሣሩ ላይ ሆኖ እግሩን እያነሣ የጂምናስቲክ እንቅስቃሴ መሥራት ጀመረ፤ ስታዲየሙ ጉድ አለ። በብዙ የወታደር ሰፈሮች በቅጣት የሚታዘዝ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው፤ እዚያ ግን ያዘዘውም የቆጠረለትም አልነበረም።

ተቃራኒውን ነገሌ አሳይታናለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ወታደሮች ያመፁት ስለ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ምግባቸው የማይበላ፣ የውሃ ፓምፓቸው የተበላሸ ነበር፤ የመኮንኖቹ ውሃ ግን ለእነሱ አልተፈቀደም። ነገሩን እንዲያዩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው፤ ጄኔራሉም ታመሙ። ወታደር አለቃውን ልክ ሲያስገባ እንዲህ ነው፦ አልገረፋቸውም፣ የራሱን ልክ አቀመሳቸው። በስምንት ወሩ ዘውዱ ወረደ። የአገዛዙ ሥርዓት ከዚያ በፊት ፈርሶ የነበረው በአንድ ጉድጓድ ውሃ ዙሪያ ነበር፤ መቶ አለቃው ኮቱን ባላወለቀበት ቦታ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ባለፈው እሑድ አነበብኩላቸው። ነገሌ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ድሮን ያልኩትን አልወደዱትም። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዘው አንድ በአንድ ወረዱ። ጉልበታቸው ያማቸዋል። የትኛው ሕመም ከመቶ አለቃው ጋር ከሠሩት እንደመጣ፣ የትኛው ወንበር ላይ ከተቀመጠው፣ ሐኪሙም አልለየላቸውም።