የሚያውቅ ሰው ዝምታ



ቡሬ ገበያ በርበሬ የሸመተ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከጆንያው አፍ ላይ ያለው ቀይና ደረቅ ነው፤ እጅ ወደ ታች ሲገባ ግን ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተርከፈከፈበት የሚገኝበት ጊዜ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢሰዱ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ሻጩም ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን አስታወቁት። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ እንበል! ሰውየው አልዋሸም። ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሯል። ጥፋቱ ሳይጠየቅ በፊት ዝም ማለቱ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ሐዲስ የሚመለከተው የእህል ነጋዴን ብቻ ነውን? አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት፣ ሕክምናን ከሌላው ሸቀጥ የሚለየው ሐኪሙ የሚያውቀውን ታማሚው አለማወቁ ነው ብሏል። መድኃኒትን እንደ በርበሬ ዳስሶ፣ እንደ ማር ቀምሶ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ ታማሚው የሚገዛው መተማመንን ነው። እኛ አማና የምንለው መሆኑ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ሌላ ምሁር፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ ሲቀር ገበያው ራሱ እንዴት እንደሚበላሽ በአሮጌ መኪና ንግድ ምሳሌነት አሳየ። ሁለቱም በየጊዜያቸው የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ የመዲናው ሻጭ ግን አስቀድሞ ተነግሮት ነበር።

ስለ ሐኪምና ታማሚ ንግግር የተደረገውን ምርምር ሳነብ አንድ ቁጥር አስደነገጠኝ። ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት 74 የሕክምና ቆይታዎችን ፈትሸው፣ ሐኪሙ የታማሚውን ቃል የሚያቋርጠው በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ መሆኑን ደረሱበት። እንግዲህ ከጃቢ ጠህናን ገጠር ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ፍኖተ ሰላም የደረሰ ገበሬ፣ ሕመሙን ከአምናው መኸር ጀምሮ ካልሆነ መናገር አይሆንለትም። በ18 ሴኮንድ ገና ሰላምታውን አልጨረሰም! ሐኪሙንም ብቻ አልወቅስም፤ በሩ ላይ ተኮልኩሎ የሚጠብቀውን ሕዝብ አይቻለሁ። ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ቀላል መድኃኒት፣ ታማሚው የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲናገር መጠየቅ ነው። "ገባዎት?" ቢሉት ግን "አዎ፣ እግዜር ይስጥህ" ወይም "አላህ ይስጥህ" ብሎ ይወጣል፤ ምን እንደታዘዘለት የሚጠይቀው ውጭ ያገኘውን ጥበቃ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ሐኪም ለመውቀስ አይደለም፤ የራሴን ዝምታ ይዤ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ከገጠር አምጥቼ ፍኖተ ሰላም አሳከምኳት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ በሽታው ጉበቷን እንደጨረሰውና የቀራት ጊዜ በወራት የሚቆጠር መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኝ። "ለእሳቸው ማን ይንገራቸው?" ሲለኝ ሳላቅማማ "አደራዎን ዶክተር፣ እንዳይነግሩብኝ" አልኩት። አክስቴ ከውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። "ምን አለህ ልጄ?" አለችኝ። "የደም ማነስ ነው፤ ኪኒን ታዟል።" "አልሐምዱሊላህ" አለች።

ሰው ይህን እዝነት ይለዋል። በእኛ አገር መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ነው የሚነገረው። ደግ ልማድ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን መርዶ ነጋሪ ዘግይቶም ቢሆን ይናገራል፤ እኔ አልተናገርኩም። ማወቅ የማይፈልግ ታማሚ የለም አልልም፤ መብቱም ነው። ማወቅ መፈለጓን ግን መጠየቅ ይቻለኝ ነበር። የጠየቅኩት የራሴን ፍርሃት ነው። የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማሳለፍ እንደማይገባው ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተላልፈዋል። አክስቴ አራት ወር ሙሉ ሌሊቶች ነበሯት። ቀማኋት።

ወደ አኺራ ከሄደች በኋላ ሁለተኛው ጉዳይ መጣ። ቡሬ ላይ ከአንድ ሸሪክ ጋር እኩል ያቆመችው ወፍጮ ነበራት፤ ወራሾች ድርሻቸውን ያገኙ ዘንድ መተመን ነበረበት። ሸሪኩም ሞተሩና ድንጋዩ ዛሬ ቢሸጡ የሚያወጡትን ቆጥሮ አቀረበ። ስሌቱ ሐሰት አልነበረበትም። ዳሩ ግን ወፍጮ ብረት ብቻ አይደለም፤ በገበያ ቀን እህሏን ተሸክማ የምትሰለፈው ሴት ሁሉ የዋጋው አካል ናት። የሙያው ሰዎች ድርጅትን የሚተምኑት በሦስት መንገድ ነው፦ ንብረቱ በሚያወጣው፣ መሰሉ በተሸጠበት፣ ወይም ወደፊት በሚያስገባው፤ የነገ ብር ከዛሬው ስለሚያንስ ቀንሰው ማለት ነው። ሦስተኛውን ለማስላት የዕለት ገቢው ደብተር ያስፈልጋል። ደብተሩ ሸሪኩ ዘንድ ነበር። አልጠየቅነውም፤ አላመጣውም። መተመን ለሙስሊም ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዘካ የሚያወጣ ሰው ዓመት ሲሞላ ሸቀጡን በዕለቱ ዋጋ ይተምናል። እንዲያ ሲተምን ግን ደብተሩን የሚደብቀው ከማን ነው?

ነገሩ ከወፍጮም ከፍ ይላል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ የድርሻውን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ጠቅላላ ድርጅቱ 300 ቢሊዮን ብር ተተመነ ማለት ነው። በየካቲት ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ነው። በቴሌብር ስለሚገዛ የገጠር ሰውም ቢሆን ስልክ ካለው፣ 33 አክሲዮን የሚገዛበት 9,900 ብር ካገኘ፣ መግዛት ይችል ነበር። ስለ አክሲዮኑ ሽያጭ የሚያስረዳ ሰነድ ታትሟል። የታተመ ሁሉ ግን ተነገረ ይባላልን? ታማሚም ከቀዶ ጥገና በፊት ያላነበበው ወረቀት ላይ ይፈርማል።

የአክስቴን ሣጥን ስንከፍት በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ገንዘብ ሁለት ቦታ አገኘን። አንደኛው ለከፈኗ መሆኑን ጎረቤቷ ታውቅ ነበር። ሁለተኛው የማን አማና እንደሆነ፣ ወይም የየትኛው ዕዳ ክፍያ፣ የሚያውቅ ጠፋ። ለተከታታይ ሁለት ጁሙዓ ከሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ አስነገርን። እስካሁን የእኔ ነው ያለ አልመጣም፤ ቋጠሮው ሳይፈታ እኔ ዘንድ ተቀምጧል።